ስለ ታሮት ካርታዎች፤ ጥልቅ የሆነው ሁሉ አስቸጋሪ፥ አስቸጋሪ የሆነውም ሁሉ ጥልቅ ስላለመሆኑ

(በሬዲዮ የተነገረ የታሪክ ንግግር)



በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች መጻሕፍት ወደሚሸጡበት ሱቅ የገባ ሰው፥ ከመጻሕፍቱ አጠገብ በትንንሽ ሣጥን ታሽገው የተደረደሩ ባለ ሥዕል ካርታዎችን ያገኛል። እነዚህ ካርታዎች ታሮት ይባላሉ። ዐይነታቸው እጅግ ብዙ ነው። ገዢው የትኛውን መምረጥ እንደሚገባው ሲጠይቅ፥ «ይህኛው ለጀማሪ የሚሆን ነው፤ ያኛው ግን ጥልቅና አስቸጋሪ ስለ ሆነ ብዙ ለተማሩት እንጂ ለሁሉ አይሆንም» የሚል መልስ ይሰጡታል። አንድ አድማጫችንም ልጃቸው ከውጭ አገር ይዞት የመጣውን እንዲህ ያለ ካርታ ተመልክተው፥ «ይህ ነገር በእውነት የጥንት ግብጻውያን ጥበብ ነውን? አንዱስ ከሌላው ይልቅ ጥልቅ ነው የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?» ሲሉ ጠይቀውናል።

የዛሬው ንግግራችን ጥንቆላን ለማስተማር አይደለም። ጥንቆላን መንቀፍም ቢሆን የሃይማኖት አባቶች ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም። የእኛ ሥራ የታሪክ ነውና፥ እነዚህን ካርታዎች ማን፥ መቼ፥ ለምን እንደ ሠራቸው በማስረዳት ለጥያቄው መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። በንግግራችን ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

አሁን ደግሞ ስለ ቃላቱ እንስማማ። አንዱን ነጠላ ካርታ ቅጠል፥ ሙሉውን ደግሞ እሽግ እንለዋለን። አንድ የታሮት እሽግ 78 ቅጠሎች አሉት። ከነዚህም 56ቱ በአራት ወገን የተከፈሉ ሲሆኑ፥ ወገኖቹ ጽዋ፥ ሰይፍ፥ በትርና ገንዘብ ይባላሉ። እያንዳንዱም ወገን ከአንድ እስከ ዐሥር የተቈጠሩ ዐሥር ቅጠሎችና አራት ባለ ማዕረጎች፥ ማለት ንጉሥ፥ ንግሥት፥ ፈረሰኛና ብላቴና አሉት። የቀሩት 22ቱ ከአራቱ ወገኖች ውጭ ናቸው። በነርሱም ላይ ሞኙ፥ ንጉሠ ነገሥቱ፥ ባሕታዊው፥ የዕድል መንኰራኵር፥ ሞት፥ ዲያብሎስ፥ ፀሐይ፥ የመጨረሻው ፍርድ፥ ዓለምና እነዚህን የመሳሰሉ ሥዕሎች ይገኛሉ። እሽጎቹን በቅጠል ሁሉ ለማነጻጸር ጊዜ ስለማይበቃን፥ አንዲት ቅጠል መርጠን ከእሽግ ወደ እሽግ እንከተላታለን። እርሷም ሦስት ሰይፍ የምትባለው ናት።

የመጫወቻ ካርታ በአውሮፓ የታወቀው በ1370ዎቹ ዓመታት ነው። በ1377 የፍሎረንስ ከተማ ሹማምንት ስለ አዲሱ ጨዋታ ደንብ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። የታሪክ ሊቃውንት ካርታው የመጣው ማምሉኮች ይገዟቸው ከነበሩት ከግብጽና ከሶርያ እንደ ሆነ ያምናሉ። ማስረጃቸውም ዛሬ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መዘክር የሚገኝ አንድ የማምሉክ ካርታ ነው፤ በእርሱም ላይ ጽዋ፥ ሰይፍ፥ ገንዘብና በፈረስ ላይ ሆነው ኳስ የሚመቱበት የፖሎ ዱላ ተሥሎ ይታያል። የአውሮፓ ሰዎች የፖሎን ጨዋታ ስለማያውቁ ዱላውን ተራ በትር አደረጉት።

ይህ ካርታ 22ቱ ሥዕሎች አልነበሩትም። እነርሱ የተጨመሩት ከግማሽ ምእት በኋላ በሰሜን ኢጣልያ ነው። ስለ እነርሱ የሚናገሩት የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች በ1440 በፍሎረንስ፥ በ1442 ደግሞ በፌራራ የተጻፉ ሲሆኑ፥ ካርታዎቹን ትሪዮንፊ ይሏቸዋል፤ ትርጓሜውም ድሎች ማለት ነው። እነርሱም በጨዋታው ውስጥ የአራቱን ወገኖች ቅጠል ያሸንፉ ነበር። እንግዲህ ታሮት ሲወለድ ለመጫወቻ የተወለደ መሆኑን ልብ ማድረግ ይገባል።

ከጥንቶቹ እሽጎች ሁሉ የከበረው በ1450 ገደማ ለሚላኖ መስፍን ለፍራንቼስኮ ስፎርዛና ለባለቤቱ ለቢያንካ ማሪያ ቪስኮንቲ ቤት የተሠራው ነው። ቅጠሎቹ በወርቅ ልባጥ ላይ በእጅ የተሣሉ ሲሆኑ፥ የሠዓሊው ስም ቦኒፋቾ ቤምቦ ነው ተብሎ ይገመታል። ከ78ቱ ዛሬ የቀሩት 74 ብቻ ናቸው፤ እነዚህም በኒው ዮርክና በቤርጋሞ ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። የጠፉት አራቱ ዲያብሎስ፥ ግንቡ፥ የገንዘብ ፈረሰኛውና ያቺ የምንከተላት ሦስት ሰይፍ ናቸው።

ይህን እሽግ የዛሬ ሰው ሲመለከተው እንቈቅልሽ ይመስለዋል። ለምሳሌ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ የቁልቁል የተሰቀለ ሰው አለ። የዛሬ ተመልካች ከበስተጀርባው ስውር ምሥጢር ይፈልጋል። የዚያ ዘመን ኢጣልያዊ ግን ከሀዲዎችን ለማሳፈር መልካቸውን የቁልቁል እንደ ተሰቀሉ አድርገው በአደባባይ ግድግዳ ላይ ይሥሉ እንደ ነበር ስለሚያውቅ፥ ሥዕሉን ሲያይ «ይህ ከሀዲ ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። የዕድል መንኰራኵርንም በየቤተ ክርስቲያኑና በየመጽሐፉ ያየው ስለ ነበረ አይደነቅበትም። ስለዚህ የዚህ እሽግ አስቸጋሪነት ከካርታው የመጣ ሳይሆን ከዘመን ርቀት የመጣ ነው። ለባለቤቶቹ ግልጽ የነበረው ነገር ለእኛ የተሰወረው እኛ ስለ ራቅን ነው።

ከዚህ በኋላ ካርታው ከመሳፍንት ቤት ወጥቶ ወደ ተራው ሕዝብ ወረደ። በፈረንሳይ አገር በእንጨት ቅርጽ እየታተመ፥ በጥቂት ቀለማት እየተቀባ በርካሽ ይሸጥ ጀመር። ይህ ዐይነት ዛሬ የማርሴይ ታሮት እየተባለ ይጠራል። ከሠሪዎቹም በ18ኛው ምእት መጀመሪያ በሊዮን የነበረው ዣን ዶዳልና፥ 1760 የሚል ዓመት የተጻፈበትን እሽግ የሠራው የማርሴዩ ኒኮላ ኮንቬር የታወቁ ናቸው። በዚህ እሽግ ውስጥ 13ኛው የሞት ቅጠል ቍጥር እንጂ ስም የለውም፤ ሞኙ ደግሞ ስም እንጂ ቍጥር የለውም።

የማርሴይ እሽግ እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ምክንያቱን ለማወቅ ሦስት ሰይፏን እንመልከት። በቅጠሏ ላይ ያሉት ሁለት የተቈለመሙ ሰይፎችና በመካከላቸው የቆመ አንድ ቀጥ ያለ ሰይፍ፥ ለጌጥም የተጨመረ ሐረግ ብቻ ናቸው። ሰው የለም፤ ድርጊት የለም፤ ኀዘንም ደስታም የለም። ከዚህ ቅጠል ትርጓሜ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ሦስት ቍጥር ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ሰይፍም ምን ማለት እንደ ሆነ አስቀድሞ ከሌላ ቦታ ተምሮ፥ ሁለቱን በልቡ ማጋባት አለበት። እንዲህ ያሉ ዝምተኛ ቅጠሎች በእሽጉ ውስጥ 40 ናቸው። ነገር ግን ዝምታቸው ምሥጢር ለመሰወር የታሰበ አይደለም። ሠሪው ሦስት ሰይፍን የሣለው ተጫዋቹ ሦስት መሆኑን ቈጥሮ እንዲያውቅ ነው። ለመቈጠር የተሠራውን ነገር ለማንበብ ስንነሣ፥ ችግሩን ያመጣነው እኛው ራሳችን ነን።

ታሪኩ የተለወጠው በ1781 በፓሪስ ነው። አንትዋን ኩር ደ ዤብሊን የሚባል የተማረ ሰው ስለ ጥንታዊው ዓለም በሚጽፈው ታላቅ መጽሐፍ በስምንተኛው ክፍል፥ ታሮት የጥንት ግብጽ ካህናት ጥበባቸውን የሰወሩበት መጽሐፍ ነው ብሎ አስታወቀ። ታሮት የሚለውንም ስም «የንጉሥ መንገድ» የሚል ትርጓሜ ካላቸው የግብጽ ቃላት የመጣ ነው አለ። ይህን ሲል ግን የግብጽን የሥዕል ጽሕፈት ማንበብ የሚችል አንድም ሰው በዓለም አልነበረም። ሻምፖሊዮን ጽሕፈቱን የፈታው ከ41 ዓመት በኋላ፥ በ1822 ነው። ጽሕፈቱም ሲነበብ ስለ ታሮት አንዳች ነገር አልተገኘበትም። የሚያስገርመው ነገር ካርታ በእውነት ከግብጽ በኩል መምጣቱ ነው፤ ነገር ግን ከፈርዖኖች ካህናት ሳይሆን ከማምሉኮች የጨዋታ ሰሌዳ ነው።

ወሬው ግን ከእውነቱ ቀድሞ ሄደ። በ1789 ኤቴያ በሚል ስም የሚታወቀው ዣን ባቲስት አልዬት ለጥንቆላ ብቻ የታሰበ የመጀመሪያውን እሽግ አሳተመ። እርሱም አስቸጋሪነቱን በቀላል መንገድ አስወገደው፤ የእያንዳንዱን ቅጠል ትርጓሜ በራሱ በቅጠሉ ላይ፥ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች አሳተመው። ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አንዱ፥ ተገልብጦ ሲወጣ ሌላው ይነበባል። ይህ እሽግ ማንበብ ለሚችል ሰው ሁሉ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቃሉን ያነበበ ሰው ሥዕሉን የሚመለከትበት ምክንያት አይቀርለትም።

በ1850ዎቹ ደግሞ ኤሊፋስ ሌቪ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ 22ቱን ሥዕሎች ከ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ጋር አጋጠማቸው። ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ በመዝሙር 118 ላይ ከአሌፍ እስከ ታው ያሉትን እነዚህን ፊደላት ያውቃቸዋል። ቍጥሩ በቍጥር መግጠሙ ብዙዎችን አሳመነ። ይሁን እንጂ ቍጥር የሌለው ሞኙ የት እንደሚገባ መምህራኑ ሊስማሙ አልቻሉም። ሌቪ ከመጨረሻው በፊት ባለው ቦታ አገባው፤ በ1888 በሎንዶን የተቋቋመው ወርቃማ ጎሕ የተባለው ምሥጢራዊ ማኅበር ግን የመጀመሪያውን ቦታ ሰጠው። በዚህም ምክንያት ከሞላ ጐደል የሁሉም ቅጠል ፊደል ተለወጠ። ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ምሥጢር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ክርክር ባላስፈለገ ነበር።

አሁን ወደ 20ኛው ምእት እንሻገር። በ1909 መጨረሻ በሎንዶን አንድ አዲስ እሽግ ወጣ። አሳታሚው ዊሊያም ራይደርና ልጁ የተባለው ድርጅት ነበር፤ ሐሳቡን ያመነጨው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ነበር፤ ሥዕሎቹን የሣለችው ግን ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የተባለች ሴት ናት። እርሷ በ1878 ከአሜሪካዊ ወላጆች በእንግሊዝ አገር ተወልዳ፥ ከልጅነቷ የተወሰነውን ጊዜ በጃማይካ ያሳለፈች፥ በኒው ዮርክ ብሩክሊን የሥዕል ትምህርት የተማረች፥ በሎንዶንም ከቴአትር ሰዎች ጋር የሠራች ነበረች።

ስሚዝ የፈጸመችው ታላቅ ሥራ እነዚያን 40 ዝምተኛ ቅጠሎች ማናገሯ ነው። በእርሷ እሽግ ሦስት ሰይፍ በዝናምና በደመና ፊት አንድን ቀይ ልብ የወጉ ሦስት ሰይፎች ናቸው። ይህን ለመረዳት የዕብራይስጥ ፊደልም የከዋክብት ትምህርትም አያስፈልግም፤ ሕፃንም ቢሆን ኀዘን መሆኑን ያውቃል። ዌይት እንኳ በመጽሐፉ ይህች ቅጠል ግልጽ ስለ ሆነች ብዙ ማብራሪያ አያሻትም ብሏል። ሐሳቡ ፍጹም አዲስ ነበር ማለት ግን አይደለም። በ1491 ገደማ በኢጣልያ በመዳብ ቅርጽ የታተመው ሶላ ቡስካ የሚባለው እሽግ ልብን የወጉ ሦስት ሰይፎች ነበሩት። የዚያ እሽግ ፎቶግራፎች በ1907 ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ስለ ገቡ፥ ስሚዝ አይታቸው ይሆናል ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ።

ቀላል በመሆኗ የስሚዝን ሥራ ጥልቀት የሌለው ነው ብሎ የሚንቅ አለ። እንዲህ ለሚል ሰው አምስት ጽዋ የምትባለውን ቅጠል እናሳየዋለን። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ በፊቱም ሦስት ጽዋዎች ተደፍተዋል። በመጀመሪያ የምናየው ይህንን ብቻ ነው። ቈየት ብለን ስንመለከት ከኋላው ሁለት ያልተደፉ ጽዋዎች መቆማቸውን እናያለን፤ እርሱ ግን አላያቸውም። እንደ ገና ስንመለከት ከወንዙ ማዶ ቤት፥ ወደ ቤቱም የሚያሻግር ድልድይ አለ። የሞተበት ሰው፥ ንብረቱ የጠፋበት ሰው፥ ይህን ሥዕል አይቶ የሚያስበው ነገር አያጣም። በአገራችን አነጋገር ሰሙ ለሁሉ የተገለጠ፥ ወርቁ ግን ለሚቈይ ሰው የተቀመጠ ነው ማለት ይቻላል።

ዌይት በበኩሉ ከጥንቱ ተራ 8ኛ የነበረውን ፍትሕንና 11ኛ የነበረውን ኀይልን አለዋወጣቸው። ምክንያቱንም ራሱን የሚያረካ መሆኑን ብቻ ተናግሮ፥ ለአንባቢው መግለጽ አያስፈልግም ብሎ አለፈው። እንዲህ ያለው ዝምታ እሽጉን አስቸጋሪ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ለሥዕሎቹ አንዳች ጥልቀት አይጨምርላቸውም።

ከሁሉ ይልቅ ከባድ የሚባለው ቶት የሚባለው እሽግ ነው። ይህን ያዘጋጁት ከ1938 እስከ 1943 ባለው ጊዜ እንግሊዛዊው አሌስተር ክራውሊና ሠዓሊቱ ወይዘሮ ፍሪዳ ሃሪስ ናቸው። በጥቂት ወራት ይፈጸማል የተባለው ሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። የክራውሊ ማብራሪያ በ1944 በ200 ቅጂ ብቻ ታተመ። እርሱ በ1947፥ እርሷም በ1962 ስለ ሞቱ፥ እሽጉ በ1969 ታትሞ ሲወጣ ሁለቱም አላዩትም።

በዚህ እሽግ ውስጥ ሦስት ሰይፍ ኀዘን የሚል ስም ተጽፎባታል። ሰይፎቹ ልብን ሳይሆን ጽጌረዳ አበባን ይበትናሉ፤ በቅጠሏም ላይ የዙሐል ኮከብና የሚዛን ምልክት ተቀምጠዋል። ዙሐልና ሚዛን በአገራችን ዐውደ ነገሥትን ለገለጠ ሰው እንግዳ ቃላት አይደሉም፤ ምክንያቱም የከዋክብት ትምህርት ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ ቀድተውታልና። ነገር ግን በቶት እሽግ ከዋክብት ብቻ አይደሉም ያሉት። የዕብራይስጥ ፊደል፥ የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፥ ብረትን ወደ ወርቅ የመለወጥ ጥበብ፥ በሥርዓት የተመደቡ ቀለማት፥ ሃሪስ ያጠናችው የጂኦሜትሪ ትምህርት ሁሉ በአንድ ትንሽ ቅጠል ላይ ተደራርበዋል። የማርሴይ ሦስት ሰይፍ ጥቂት ስለምትናገር ታስቸግራለች፤ የቶት ሦስት ሰይፍ ብዙ ስለምትናገር ታስቸግራለች። ሥዕሎቹ እጅግ ያማሩ መሆናቸውን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሸክም ያለ ክራውሊ መጽሐፍ አይነበብም፤ መጽሐፉን የጨረሰ ሰውም ያገኘው የአንድ ሰው ትምህርት ነው።

እንግዲህ ወደ አድማጫችን ጥያቄ እንመለስ። ታሮት የጥንት ግብጻውያን ጥበብ ነውን? አይደለም። በ15ኛው ምእት የኢጣልያ ሰዎች የፈለሰፉት ጨዋታ ነው። እንግሊዛዊው የፍልስፍና ሊቅ ማይክል ደሜት በ1980 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ፥ ታሮት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ከሞላ ጐደል ለመጫወቻ ብቻ ያገለግል እንደ ነበረ አስረድቷል። በፈረንሳይና በኦስትሪያ ዛሬም ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይጫወቱበታል።

አንዱ ከሌላው ጥልቅ የሚባለው በምን ይለካል ለሚለው ግን፥ በእኛ አስተያየት መለኪያው አስቸጋሪነት ሊሆን አይችልም። የሚላኖው እሽግ የከበደን ዘመኑ ስለ ራቀን ነው። የማርሴዩ የከበደን ያልተባለውን እንዲል ስለ ጠየቅነው ነው። የቶቱ የከበደን በላዩ ብዙ ስለ ተጫነበት ነው። ከእነዚህ ችግሮች አንዱም በራሱ ጥልቀት አይባልም። ጥልቀት የሚባለው ማብራሪያው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ነገር ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን፥ ለጀማሪ የተባለው የስሚዝ እሽግ ከሌሎቹ የሚያንስበት ምክንያት አይታየንም።

የዚህች ሠዓሊት መጨረሻ ግን የሚያሳዝን ነው። ያን ያህል ሥዕል በጥቂት ወራት ሣለች፤ በዚያው ዓመት ለአንድ ወዳጅዋ በጻፈችው ደብዳቤ ሥራው ብዙ፥ ዋጋው ግን እጅግ ጥቂት መሆኑን ገልጻለች። እሽጉም ለብዙ ዘመን የራይደርና የዌይት ታሮት እየተባለ በአሳታሚውና በደራሲው ስም ተጠራ። የእርሷ ስም በየሥዕሉ ማዕዘን ላይ በተጠማዘዘች ትንሽ ፊርማ ብቻ ቀረ። በ1951 በኮርንዎል አውራጃ በቢውድ ከተማ ዕዳ ሳይለቃት ሞተች። እሽጓ በዓለም ሁሉ በብዛት የተሰራጨው ከዚያ በኋላ፥ ይልቁንም ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። የእርሷ ስም ከዌይት ስም ጋር አብሮ መጠራት የጀመረውም በቅርብ ዘመን ነው።

አድማጮቻችን ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ስለ ካርታ ብቻ አይደለም። በእኛም ዘንድ «ጥንታዊ ነው» ከተባለ ሳይመረመር የሚከበር፥ «ረቂቅ ነው» ከተባለም ሳይጠየቅ የሚታለፍ ነገር አይታጣም። ጥንታዊ ነው የሚሉንን ነገር መቼ እንደ ተሠራ፥ ረቂቅ ነው የሚሉንንም ማን እንዳረቀቀው ብንጠይቅ የእውነተኛው ጥንታዊ ነገር ክብር አይቀንስም፤ የሐሰተኛው ግን ይገለጣል። እንዲህ ስንጠይቅም ኩር ደ ዤብሊን በግብጽ ካህናት ስም ያቆመው ሕንጻ ይፈርሳል፤ በማዕዘኑ የተቀመጠችው የሠዓሊቱ ትንሽ ፊርማ ግን ትነበባለች።